የአዶት አንጎልና የእኔ ጠርሙስ

ወጣት ሲረሳ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ይባላል። ጎልማሳ ሲረሳ «ሥራ በዝቶበት»። አሮጊት ስትረሳ ግን ወዲያው ልጆቿ ይሰበሰባሉ። ይሄ ፍርድ ነው? እኔ ጠመኔ በኪሴ ይዤ ወደ ቤት የምገባ፣ ጃንጥላዬን ግን ትምህርት ቤት ረስቼ የምመጣ ሰው ነኝ። በእኔ ጉዳይ እስካሁን ሽማግሌ አልተቀመጠም።

የተቀመጠው በእናቴ ጉዳይ ነው። አዶት እንላታለን፤ በእኛ በቸሃ ጉራጌኛ እናት ማለት ነው። አንድ ዓመት ለመስቀል ሁለት ዓመት የከረመ ቆጮ ልታወጣ እንሰት ጓሮ ገባችና ጉድጓዱ ጠፋባት። የከረመ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ መሬት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ከላይ አፈርና ደረቅ ቅጠል ስለሚለብስ ቦታውን የሚያውቀው የቀበረው ሰው ነው። አዶት ሦስት ቦታ አስቆፈረች። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የፍልፈል ቤት ሆነ፤ ሦስተኛው የጎረቤት ወሰን ሊያስገፋን ምንም አልቀረው። በዓሉን በሰው ቆጮ አሳለፍን። ክትፎው ራሱ አንገቱን ደፍቶ የቀረበ ነው የመሰለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ወልዴ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ ሲወስን ጮክ ብሎ ነው የሚወስነው። አዶት አርጅታለች፣ ከእኔ ጋር ሄዳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አርፋ ትቀመጥ አለ። እሷ «ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንሰት ይበቅላል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ለምኜ ለምኜ አንድ ዓመት አገኘሁላት። በሚቀጥለው መስቀል ጉድጓዱን ራሷ ካገኘች ትቀራለች፤ ካላገኘች ዕቃዋን ትሸክፋለች።

ከዚያ ወዲህ እኔን ወንበር አልቻለኝም። ወልቂጤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ሁሉም ስለ ዕቅድ አፈጻጸም ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ ጉድጓድ ነበር። አንድ ቀን ወደ ጉብሬ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አጠገቤ ተቀመጠ። ጭንቀቴን ብነግረው፣ አንጎልም እንደ ማጭድ ይዝጋል፤ አንዳንድ ቅጠላቅጠል ግን አንቲኦክሲዳንት የሚባል ዝገት ከልካይ አለው አለኝ። አብዛኛው የተሞከረው በአይጥ ላይ ነው፣ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም ማለቱም አልቀረም። ሰምቼዋለሁ። ግን የተጨነቀ ሰው የሚይዘው የሚፈልገውን ግማሽ ነው።

የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና እርድ ገዝቼ ቀቀልኩ፣ አጠለልኩ፤ ባዶ የአረቄ ጠርሙስ ለቃቅሜም ሞላሁ። ወደ አዶት መንደር የቅዳሜ ጉዞ ተጀመረ። ጎረቤቴ ወንጌላዊ ናቸው፤ በየሳምንቱ የአረቄ ጠርሙስ ታቅፌ ስወጣ አይተው በስሜ መጸለይ ጀመሩ። እውነቱን ብነግራቸው ጸሎቱን ያቆማሉ ብዬ ዝም አልኩ። ጸሎት አይጠላም።

አዶት ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀብላ ትመርቀኛለች። ለውጥ አለው ወይ ስላት «ሥራውን እየሠራ ነው፣ ልጄ» ትለኛለች። ከዚያ ፈተና እጀምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ማን መጣ? ጊደሯ መቼ ወለደች? ትመልሳለች። ያንኑ ጥያቄ ከምሳ በኋላ ደግሜ ስጠይቃት ትንሽ በሐዘኔታ አይታኝ ደግማ ትመልሳለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ቅጠሌን ይዤ ቀረሁ።

ሐምሌ ላይ ግን በር ላይ ስደርስ በአባቴ ስም ጠራችኝ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወዲያው ስታስተካክል አብረን ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ ግን የውሸት ነበር። ፈራሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ።

መስቀል ደረሰ። ወልዴ ለአዶት አዲስ ሻንጣ ገዝቶ መጣ፤ ሰውዬው ተስፋው ብርቱ ነው። ሁላችንም ጓሮ ወጣን። አዶት ዱላዋን ይዛ ከኋላ በር ተነሣች። መሬቱን እየቆረቆረች፣ አንድ ቦታ ቆም ብላ ወደ ግራ እየዞረች፣ በእንሰቱ መሐል ቀስ ብላ ሄደች። ዱላዋ አልፎ አልፎ ቃ ይላል፤ ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩት። ከአንድ ትልቅ እንሰት ሥር ስትደርስ «እዚህ» አለች።

ተቆፈረ። ቆጮው ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ሁላችንም ከሽታው አወቅን። እልል አልኩ፤ የሴቶቹን ቀማሁ። ከዚያ ለተሰበሰበው ቤተ ዘመድ ስለ አንጎል ዝገትና ስለ አንቲኦክሲዳንት፣ ክፍል ውስጥ አስተምሬ የማላውቀውን ያህል አስተማርኩ። ወልዴ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ገፋው።

ኋላ ለቆጮው ማቅረቢያ ቅጠል ልቆርጥ ጓሮ ስመለስ የእግሬን አውራ ጣት የሆነ ነገር መታኝ። ደረቁን ቅጠል ገለጥኩ። ጠርሙስ ነው፤ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከኋላ በር እስከ ጉድጓዱ የዓመት ቅዳሜዎቼ በሙሉ ተሰልፈዋል፤ አንዱም አልተከፈተም።

አዶት ከኋላዬ ቆማ ነበር። አልደነገጠችም። «ጭንቅላቴ እየከዳኝ እንደሆነ አውቃለሁ» አለችኝ። «ጉድጓዱን በዓሉ ካለፈ በኋላ ብቻዬን ስፈልግ አገኘሁት፤ ዳግም እንዳይጠፋኝ ፈራሁ። ጠርሙስ ግን ከተከሉት ቦታ አይሄድም። አንተ ባታመጣልኝ በምን አገኘው ነበር?»

ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቅጠሉን መልሼ አለበስኩ። ገና ቀና ስል ወልዴ መጣ። ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱም ሰሞኑን መርሳት እንደጀመረው፣ ከዚያ መድኃኒት እንዳዘጋጅለት ለመነኝ። በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚወሰድም ጠየቀ።

አዶት ቀደመችኝ።

«ክዳኑ አይከፈትም» አለችው።