የዘኪያ ምክርና የሁስና ጆሮ

(ካፉሪ በተባለ የዐረብ አገር የሀብታሞች ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ። ሁስናና ዘኪያ እዚሁ ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ናቸው። ሁስና በልጅነቷ የተበሳችው የጆሮዋ ቀዳዳ ስለተደፈነ ሰሞኑን እንደገና ተበስታለች። ከዒድ በኋላ በእህቷ የሠርግ ዋዜማ፣ በሒና ማታ፣ ሴቶች ብቻቸውን ሆነው ሻርፕ ሲያወልቁ፣ የእናቷን የወርቅ ጉትቻ አድርጋ ልትታይ ነው። እስከዚያ ግን ዘኪያን መቻል አለባት።)

ዘኪያ፦ የተበሳሽበትን ጉትቻ አውልቂው እያልኩሽ ነው።

ሁስና፦ የበሳችኝ ነርስ እስኪድን እንዳታወልቂው ብላለች።

ዘኪያ፦ ነርስ ምን ታውቃለች? ቀዳዳ አየር ይፈልጋል። እኔ ማታ ማታ አውልቄ ነው የምተኛው። አንድ ቀን ጆሮዬን አመመኝ ስል ሰምተሻል?

ሁስና፦ ወላሂ ሰምቼ አላውቅም።

ዘኪያ፦ ኸላስ፣ አለቀ። ጨው በውኃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ እጠቢው ያልኩሽስ?

ሁስና፦ አፈላሁት። እንዲቀዘቅዝ በጠርሙስ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠው የቤቱ እመቤት ጠጣችው።

ዘኪያ፦ ጠጣችው?

ሁስና፦ ጠርሙሱን ሳታጥቢ ነው ውኃ የሞላሽው ብላ ተቆጣችኝ።

ዘኪያ፦ ያ ረቢ። በእጅሽስ አልነካካሽውም?

ሁስና፦ እኔ? በፍጹም። የእመቤቲቱ ልጅ ትንሿ መላክ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጉትቻውን ታዞርልኛለች።

ዘኪያ፦ በዚያ ከረሜላ በለቀለቀው እጇ?

ሁስና፦ አንቺ የከለከልሽው የእኔን እጅ ነው።

ዘኪያ፦ በተበሳው ጎን አትተኚ ያልኩሽንስ?

ሁስና፦ ሁለቱም ጎን ተበስቷል፤ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ትናንት ሽንኩርት ስልጥ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

(ሁስና የዋህ ናት፤ የታዘዘችውን ሁሉ ታደርጋለች። ይኼ የማውለቁ ነገር ግን አስፈራት። ቀዳዳው ዳግም ከተደፈነ የእናቷ ጉትቻ በመሐረብ እንደተቋጠረ መቅረቱ ነው።)

ሁስና፦ እሺ አወልቀዋለሁ። ብቻ አንቺ ቀድመሽ አሳዪኝ፣ አወላለቁን አላውቅበትም።

ዘኪያ፦ አሁን ሥራ ይዣለሁ።

ሁስና፦ ልብሱን የማሰጣው እኔ፣ የምታወሪው አንቺ። ያላ፣ ነይ ልርዳሽ።

ዘኪያ፦ ተይ አንቺ ልጅ፣ ሻርፔን አትጎትቺ—

(ሻርፑ ተገፈፈ። ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የዘኪያ ጉትቻ አብሮት መጣ፤ ግራና ቀኙ ከሻርፑ ጠርዝ ጋር በክር ተሰፍቷል፣ ያውም በጥሩ እጅ። ጆሮዋ እንደተወለደች ነው።)

ሁስና፦ ዘኪያ፣ ቀዳዳሽ የታለ?

ዘኪያ፦ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ) ልጅ ሆኜ ሊበሱኝ ሲሉ አመለጥኩ። መርፌ እፈራለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።

ሁስና፦ አልናገርም።

(ሁስና ጉትቻዋ በቦታው መኖሩን በመስኮቱ መስታወት አይታ እፎይ አለች። ዘኪያ ሻርፏን መልሳ፣ አንዱን ጉትቻ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።)

ዘኪያ፦ እኔ ምልሽ፣ ሁስና፣ በጣም ያማል እንዴ?

ሁስና፦ መበሳቱስ ምንም አይደል። የሚያመው ከተበሱ በኋላ የሚመጣው ምክር ነው።