በአንድ ድምፅ የጸደቀው ስታዲየም

ከተማዋ የጎደላት ነገር ቢኖር ስታዲየም ብቻ ነበር። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚንጠባጠበው፣ የጤና ጣቢያው ጣሪያ የሚያፈሰው፣ መንገዱ እግረኛን ከመኪና የሚያጋፋው ሁሉ በስታዲየም እጦት መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ በጥናት ደርሶበታል። ጥናቱን ማን እንዳጠናው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የጻፈው ግን ይታወቃል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው።

ይህ ታላቅ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ተቃውሞ መዝግቦ አያውቅም። ሰው ሳይቃወም ቀርቶ አይደለም፤ ኧረ ሰውማ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይቃወማል። ነገር ግን የስብሰባውን ቅጽ ያዘጋጀው እሱ ራሱ ነው፤ ቅጹም ያለው ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፤ አንዱ «ድጋፍ»፣ ሌላው «ማጠናከሪያ ሐሳብ»። ሦስተኛ ልጨምር ቢል ወረቀቱ ጠበበው። ባልደረቦቹ «ማኅተሙ» ይሉታል፣ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። «ማኅተም ብሆንማ በምን ዕድሌ፤ ማኅተም እንኳ ቀለም ሲያልቅበት ዝም ይላል» እያለ በራሱ ይቀልዳል። ሰው ሲስቅለት ግን ትንሽ ይከፋዋል።

ነገሩ የተጀመረው የኳስ ክለቡ ባለቤት ከንቲባው ቢሮ ብቅ ያለ ዕለት ነው። ክለቡ የግሉ ነው፤ ተጫዋቾቹም በደሞዝ የሚጫወቱ ናቸው። ተመልካቹ ከማነሱ የተነሳ በረኛው ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል። ባለቤቱ «አዲስ ስታዲየም ካልተሠራልኝ ክለቤን ይዤ ጎረቤት ከተማ እገባለሁ» ሲል ከንቲባው ደነገጡ። ወዲያውኑም ፍትሐዊ የሥራ ክፍፍል ተደረገ። ሕዝቡ በግብሩ ይሠራል፣ ባለቤቱ ደግሞ የትርፉን ሸክም ብቻውን ይሸከማል።

ማኅተሙ ይህን የምሥራች ለሚስቱ የነገራት ልብስ ስፌት ሱቋ ውስጥ ቆሞ ነው። ሱቋ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ላይ ያለች፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የተከራየቻት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሚስቱ እዚያች ውስጥ ለአሥራ ስምንት ዓመት ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ሁለት ልጆች አስተምራለች። የባሏ ደሞዝ ለቤቱ ያለው ድርሻ እንኳ ማጠናከሪያ ሐሳብ ከሚባለው አያልፍም፤ ይህን ራሱም አይክድም።

«ለመሆኑ አንተ ኳስ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

«እኔ ምን አገባኝ፣ የእኔ ሥራ መጻፍ ነው።»

«እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ስብሰባው ላይ እመጣለሁ።»

«ነይ። ግን እባክሽን ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ስታዲየም የሌላት ከተማ ሄዳ ሄዳ የት ትቀመጣለች?» ብለው ጠየቁ። 

አንድ ጡረተኛ መምህር ተነሱና «መጀመሪያ ውሃ አጠጡን፣ ኳሱ ይደርሳል» አሉ። ማኅተሙ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ «አንድ አባት ለተመልካቹ የሚጠጣ ውሃ እንዲዘጋጅ አሳስበዋል» ሲል መዘገበ። ማጠናከሪያ ሐሳብ።

ቀጥሎ ሚስቱ እጇን አወጣች።

«ክለቡ የግለሰብ ከሆነ በእኛ ግብር የሚሠራለት ለምንድን ነው? እኔ ሱቄን ሳድስ ማን ረዳኝ?»

«ክለቡ የግል ነው፤ ደስታው ግን የሕዝብ ነው» አሉ ከንቲባው።

«ሽንፈቱስ?»

«እሱም የሕዝብ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ማኅተሙም ሊስቅ ሲል ሚስቱ እያየችው ስለነበር ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ምን ይጻፍ? ሚስቱ ናት፣ ክፉ ነገር አይጽፍባትም። ስለዚህ አሳመረላት። «አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሥራው በግብር ብቻ ሳይሆን በሙያና በጉልበትም እንዲታገዝ ያላቸውን ጉጉት ገልጸዋል።» ድጋፍ። ቤት ስንገባ ሳነብላት ደስ ይላታል ብሎ አሰበ፣ የዋሁ።

ከዚያ መሐንዲሱ ፕላኑን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ በዘንግ ይጠቁም ጀመር።

«ይህ ሜዳው ነው፤ ይህ መኪና ማቆሚያው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ደግሞ ትፈርስና የክብር እንግዶች መግቢያ ትሆናለች።»

ማኅተሙ ክው አለ። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ያ ሁሉ ዓመት የሠራችበት ቦታ የእንግዶች መግቢያ እንዲሆን ሲወሰን፣ እስክሪብቶ ይዞ ከፊት የተቀመጠው የገዛ ባሏ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነሳ።

«ክቡር ከንቲባ፣ እኔ... እኔ እቃወማለሁ።»

 ከንቲባው አልተቆጡም፤ እንዲያውም በፍቅር አዩት።

«ቃለ ጉባኤ ያዥ ስብሰባ ላይ ሐሳብ አይሰጥም የሚለውን ደንብ ያወጣው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለ። ማንም ሐሳቡን እንዳይጠይቀው ብሎ፣ ብልጥ ነኝ ባለበት ዘመን ያወጣው ደንብ ነው።

«በል እንግዲያው ተቀመጥና ጻፍ።»

ተቀመጠ። እውነቱን የሚያሰፍርበት ቦታ ፍለጋ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ሁለት ዓምድ። እጁ እንደለመደው መንገዱን ቀጠለ። «ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይቀሩ በስሜት ከመቀመጫቸው ተነስተዋል። ፕላኑ በአንድ ድምፅ ጸድቋል።» እንደ ደንቡም ጮክ ብሎ አነበበው። ተጨበጨበ። ቀና ሲል የሚስቱ ወንበር ባዶ ነበር፤ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሱቋ ፈረሰች። ስፌት መኪናው ሳሎን ገባ፤ በእሱ ቦታ የማኅተሙ ሶፋ ወጣ። ሚስቱ ለሳምንታት ከ«ብላ» ሌላ ቃል አልተነፈሰችለትም። ክለቡም በዚያው ሰሞን አራት ለባዶ ተሸነፈ፤ ከንቲባው እንዳሉትም ሽንፈቱ ለሕዝቡ ተከፋፈለ። ስታዲየሙ ሊያልቅ ሲል ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። «በስብሰባው ላይ በገለጹት ጉጉት መሠረት፣ ለክብር እንግዶች መግቢያው የምረቃ መጋረጃ በነጻ እንዲሰፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ሚስቱ ሁለቴ አነበበችው።

«እኔ ነኝ ጉጉት የገለጽኩት?»

«አሳምሬ ልጽፍልሽ ብዬ ነው።»

«አሃ። በል ና ተቀመጥ።»

ስፌት መኪናው ፊት አስቀመጠችው፤ ቀዩን ጨርቅ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። እሷ ደግሞ የደንበኞቿን ልክ የምትመዘግብበትን ደብተር አውጥታ አንድ ገጽ መሐል ለመሐል አሰመረች። ሁለት ዓምድ ሆነ።

«እኔ እኮ መስፋት አልችልም» አለ።

«ሙያውን ለመማር ያለውን ጉጉት ገልጿል» እያለች ጻፈች።

«ኧረ ተይ፣ ወገቤን ያመኛል።»

«ወንበሩ እንዲስተካከል አሳስቧል።»

መርፌው ጣቱን ወጋው። ጣቱን እየጠባ «እቃወማለሁ» አለ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ፤ ግን መጻፏን አላቆመችም።

ስትጨርስ እንዲፈርም ደብተሩን ሰጠችው። ጽሕፈቷ እንደ እሱ አያምርም። ስህተት ፍለጋ ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ አነበበው፤ አላገኘም። ፈረመ።