እትዬ ምርጤና አስራ ሁለተኛው ወንበር

በየትኛውም የካቶሊክ ቁምስና፣ አጥቢያ ማለት ነው፣ ብትገቡ አንድ ሰው አታጡም፤ እግዚአብሔር ከሰው ሁሉ ለይቶ እንደመረጠው የሚያምን። የቁምስናው ካህን፣ ቆሞሱ፣ ይቀየራል፣ ጳጳስ ያርፋል፣ የደወሉ ገመድ ይበጠሳል፤ ያ ሰው ግን ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ንቅንቅ አይልም። ስብከቱ ስለ ኃጢአት ከሆነ ዞር ብሎ ሌሎቻችንን ያያል። ስለ ጽድቅ ከሆነ አንገቱን እየነቀነቀ ይስማማል። ሊያስተካክለው የሞከረ ቆሞስ ሁሉ ዝውውር ጠይቆ ሄዷል።

የእኛ ቁምስና ሰው ሴት ናቸው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ፣ ከማሽኑ ጋር እየተፎካከረ ድምፃቸው የወፈረ፣ ስልሳን የረገጡ ሴት። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። እኛ ክብርት እትዬ ምርጤ እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣንላቸው፣ አልዋሽም፣ ለማሾፍ ነበር። እሳቸው ግን "እሰይ! አሁን ገና ገባችሁ" ብለው ተቀበሉት።

እኔ የቁምስናው ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ። የምነግራችሁን ከአፍ አፍ የለቀምኩት አይደለም፤ ግማሹን በገዛ እጄ ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፌዋለሁ።

ከመዝሙሩ ልጀምር። የመዘምራኑ አለቃ ሦስት ጊዜ አባሯቸዋል። በሦስተኛው ልመና በሚመስል ድምፅ "እትዬ፣ ድምፅዎ ከሌላው ጋር አይገጥምም" ቢላቸው "እሱ መርጦኛል፤ አንተን አላማከረም" አሉት። ከዚያ በኋላ መዘምራኑ ካሉበት ወርደው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ከዚያው ሆነው ይዘምሩ ጀመር፣ ከሁሉም ቀድመው። ኦርጋን መቺው ሁለት ወር ታገለ። አሁን እጁን ሰጥቶ እሳቸውን ይከተላል፤ መዘምራኑ ኦርጋኑን፣ እኛም መዘምራኑን።

በየዓመቱ ቁምስናው ዕጣ ያወጣል። እትዬ ምርጤ አንድ ዓመት አልቀሩም፤ አንድም ቀን ግን የፕላስቲክ ጆግ እንኳ አልወጣላቸውም። አንዲት ጎረቤታቸው አላስቻላትም። "ምነው እትዬ፣ ያ የመረጠዎት ጌታ ቁጥር ማንበብ አይችልም እንዴ?" አለቻቸው።

"ዓይን ተጨፍኖ የሚወጣማ ዕጣ ነው። የኔ ጌታ አይቶ ነው የመረጠኝ።"

"አይቶ? ባልዎን በወጣትነትዎ ቀበሩ፣ ቤትዎ ያፈሳል፣ ወገብዎ አልታጠፍ ብሏል። ይሄ ነው መመረጥ?"

"ለምቾት መረጠኝ ያለሽ ማነው?" ብለው ጆጉ የወጣላትን ሴት እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት ሄዱ።

ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ግን ወደ ጸሎተ ሐሙስ ልውሰዳችሁና ሳቃችሁ እስከ የት እንደሚዘልቅ አያለሁ።

በጸሎተ ሐሙስ ቆሞሱ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ እንዳደረገው የአስራ ሁለት ሰው እግር ያጥባል። በእኛ ቁምስና አስራ ሁለቱ ምንጊዜም ወንዶች ናቸው፤ እኔ ራሴ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ቆሞሱ ቀኝ እግር ላይ ሦስት ጠብታ ያንጠባጥባል፣ በፎጣ ነካ ያደርጋል፣ ያልፋል። ስለዚህ ሁላችንም ቀኝ እግራችንን ቤታችን በሳሙና ፈትገን፣ ጥፍሩን ቆርጠን፣ አዲስ ካልሲ አጥልቀንለት እንመጣለን። ግራ እግር ሥርዓቱ ውስጥ ስለሌለ ማንም አያስታውሰውም።

ሌላም ነገር አለ። ከአስራ ሁለቱ ወንበሮች የመጨረሻው፣ ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ያለው፣ የይሁዳ ወንበር ነው። ይህን የወሰነ ስብሰባ የለም፣ የጻፈውም የለም፤ ግን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ለአስራ አንድ ሰዓት ቅዳሴ ወንዶቹ በአስር ሰዓት ከች የሚሉት ለጸሎት እንዳይመስላችሁ። አርፍዶ የመጣው እዚያ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ "ሠላሳው ብር እንዴት ነው?" ሲባል ይከርማል።

ዘንድሮ ምክር ቤቱ ስም ሊይዝ ተቀምጦ አስራ አንድ ላይ ቆመ። አስራ ሁለተኛ የሚሆን ጠፋ። አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዱ መንገድ አለብኝ አለ፣ አንዱ ጭራሽ ስልኩን ዘጋ። ሊቀ መንበራችን፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፣ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ "አንድ ወንድ ይጥፋ?" ሲሉ በሩ ተከፈተ። እትዬ ምርጤ የመሠዊያውን ጨርቅ አጥበውና ተኩሰው ሊያስረክቡ መጥተው ኖሯል።

"ፈልጋችሁ ከደከማችሁ እኔ አለሁ" አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ፤ ያ ተማሪን የሚያሸማቅቀው ፈገግታ። "እትዬ፣ ሐዋርያት እኮ ወንዶች ናቸው።"

"ሐዋርያ አድርጉኝ መቼ አልኩ? እግሬ ይታጠብ ነው ያልኩት።"

"ደግሞ የቀረው ወንበር..." አለና የመዘምራኑ አለቃ አፉን ያዘ።

"የይሁዳ ነው፤ አውቃለሁ። አባ፣ እስቲ ልጠይቅዎት፤ ጌታ የይሁዳን እግር አጥቦለታል ወይስ ዘሎታል?"

አዲሱ ቆሞሳችን ከመጡ አራት ወራቸው ነው። ጥግ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ነበር። "አጥቦለታል" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲህ! ይሁዳን ካጠበ እኔን ምን ከለከለው?"

ቆሞሱ ሕጉ ሴትንም እንደሚፈቅድ፣ ነገር ግን የምእመናን ልማድ እንዳለ፣ ልማድም ቢሆን እንደሚከበር፣ እንዲህም እንዲያም እያሉ ብዙ ተናገሩ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው "ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ በይደር ተይዟል በል" አሉኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከትንሣኤ በኋላ ነው። ጻፍኩ። እጄ ይቆረጥ፣ ጻፍኩት።

ስወጣ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንደ ልማዴ ላሾፍ "እትዬ፣ የመረጠዎት እሱ ከሆነ ለወንበር ምን አስጨነቀዎት?" አልኳቸው። ተቆጥተው የሚመልሱልኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከጎናቸው ደረጃውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው "ተቀመጥ" አሉኝ።

"አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ገዳም ገብቼ ነበር፤ ታውቃለህ? ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በጽሞና ሰዓት ኮሪደር ስወለውል ሳላስበው እዘምራለሁ። አንዴ ቢመክሩኝ፣ ሁለቴ ቢመክሩኝ፣ አልተውኩም። እመምኔቷ አስጠሩኝና 'ልጄ፣ ጥሪ የለሽም፤ እግዚአብሔር አልመረጠሽም' አሉኝ። ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ 'ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ' እያለ ሳቀብኝ። እናቴ እንኳ ሳቀች።"

ቃለ ጉባኤውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

"ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ 'መርጦኛል' እላለሁ። ለእናንተ የምለው ይመስላችኋል። ለራሴ ነው ልጄ። አንድ ቀን ሳልለው የዋልኩ እንደሆነ ያቺ እመምኔት ያለችው እውነት ይመስለኛል። አርባ ዓመት ብቻዬን አልኩት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ በቤቱ ውስጥ፣ ሰው እያየ፣ ሌላ ሰው አዎ ይበልልኝ። ይሄ ትዕቢት ነው?"

 ቃለ ጉባኤውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ፤ በራሴም አፈርኩ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ወንበር ልደረድር ገባሁ። ለካ ተደርድሯል። አስራ ሁለተኛው ላይ፣ ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ፣ እትዬ ምርጤ ተቀምጠዋል። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ሰማያዊ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ የጎማ ቦት ጫማቸውን እንዳጠለቁ።

ርዕሰ መምህሩ በአስር ሰዓት ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ገቡና በቁማቸው ደረቁ። "እትዬ፣ ይነሱ።"

"አልነሳም።"

"ምክር ቤቱ አልወሰነም!"

"እሱ መርጦኛል፤ ምክር ቤቱን አላማከረም። ደግሞ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ጸብዎ ከኔ ጋር እንዳይመስልዎት።"

"ጸሐፊ!" ብለው ጮኹብኝ። "አስነሳቸው!"

እኔ እንግዲህ ጀግና አይደለሁም። በሕይወቴ ለሊቀ መንበር እምቢ ብዬ አላውቅም። ዞሬ ወንበሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ። "አስራ ሁለት ነው፤ ሞልቷል" አልኩና ሄጄ አምስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። 

ቅዳሴው ተጀመረ፤ ሰዓቱ ደረሰ። ቆሞሱ ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው፣ ፎጣ ታጥቀው፣ ሳፋና ጆግ አስይዘው ተንበረከኩ። ሦስት ጠብታ ለርዕሰ መምህሩ። ሦስት ጠብታ ለቀጣዩ። እኔም ደረሰኝ፤ አለፉ። አስራ ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ፤ ከኋላ ያለው አግዳሚ ላይ ቆመ። ምን ሊያደርጉ ነው? ሊዘሏቸው? ቆሞሱም ራሳቸው የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

እትዬ ምርጤ ቦት ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱንም። ሠላሳ አንድ ዓመት በረኪና ውሃ ውስጥ የቆመ እግር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጭቷል፣ ተልጧል፣ ተረከዙ ተሰንጥቋል፣ ሁለት ጣት ላይ ጥፍር የሚባል ነገር የለም። የእኛን ሁሉ አንሶላ፣ የወለዱ ሚስቶቻችንን፣ የሞቱ አባቶቻችንን አንሶላ ያጠበ እግር ነው። ከፊት ያሉ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

 ቆሞሱ የእትዬ ምርጤን ቀኝ እግር ያዙና ሦስት ጠብታ አንጠባጠቡ፤ ፎጣውን ሊያነሱ ሲሉ ያ ወፍራም ድምፅ መጣ።

"አባ፣ ይሄ መታጠብ ነው?"

 "አቤት?" አሉ ቆሞሱ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠብኩ ሰው ነኝ። በሦስት ጠብታ የጸዳ ነገር አላየሁም። አንዴ ከተንበረከኩ አይቀር ደህና አድርገው ይጠቡኝ። ግራውንም። የመረጠኝ ግማሼን አይደለም።"

ርዕሰ መምህሩ "ኧረ በሕግ አምላክ!" ሲሉ ተሰማኝ። የቆሞሱ ጆሮ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ፣ ነፍሴ ምስክሬ ናት፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ጆጉን ገለበጡት። ሁለቱንም እግር ሳፋው ውስጥ ከተው በእጃቸው አሹ፣ ተረከዙን፣ ጣት በጣት፣ እናት ልጇን እንደምታጥበው፣ ሳይቸኩሉ። እየታጠቡ እትዬ ምርጤ አለቀሱ፤ ያውም ጮክ ብለው። ቆሞሱ እግራቸውን አድርቀው ጎንበስ ብለው ሳሙትና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "አዎ እትዬ፤ መርጦዎታል" አሉ።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎን ነበር። ቆሞሱ ግን ተነሡና ወደ እኛ ዞረው አስራ አንዳችንን አንድ በአንድ አዩን። "ውሃ ይጨመር" አሉ። ሳፋውን አንስተው ወደ አንደኛው ወንበር ተመለሱ፤ እንደገና ተንበረከኩ። "ጋሼ፣ ግራዎን።"

ርዕሰ መምህሩ ግራ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ። ቆሞሱ ጠበቁ። በመጨረሻ ጫማው ሲወልቅ የካልሲው አውራ ጣት ላይ ቀዳዳ አለ፤ ያ ሃያ ዓመት ተማሪ ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ሰው አውራ ጣት ብቅ ብሎ ሕዝቡን አየ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ ያልታጠበ፣ ጥፍሩ ያልተቆረጠ፣ ተደብቆ የከረመ ግራ እግር ሁሉ ወጣ።

እኔ ጋ ደረሱ። የኔን ግራ እግር አልነግራችሁም። የቆሞሱ እጅ ግን ይሞቅ ነበር። እኔ እኮ ማንም መርጦኝ አያውቅም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጸሐፊ የሆንኩት እንኳ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። አሳፋሪው እግሬ ሰው እጅ ውስጥ ሲታሽ ቀና አልኩ። አስራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ያሉትን፣ እንባቸውን በጋዋናቸው የሚጠርጉትን፣ ስንት ዓመት የሳቅኩባቸውን ሴት አየሁና እንደምወዳቸው አወቅኩ። አለቀስኩ። ይጻፍብኝ።

ከትንሣኤ በኋላ ስብሰባ ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤ ሳነብ ግንባራቸውን ቋጥረው ያዳምጣሉ። "ሥርዓት ተጥሷል ብለህ ጻፍ ብዬህ ነበር" አሉኝ። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፤ "በዕለቱ የተመረጡት አስራ ሁለት ሰዎች በሙሉ ተገኝተው ሁለቱንም እግራቸውን ታጥበዋል።"

"ይታረም" አሉ።

"አይታረምም ጋሼ" አልኩና ፈርሜ መዝገቡን ዘጋሁት።