ዳንቴል የለበሰው ቴርሞስታት

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰውና ዕቃ የሚያለብስ ሰው ከአንድ ቤት አይጠፉም። የገዛው ከፍሎ ይገላገላል፤ የአልባሹ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሪሞቱ ላስቲክ ይጠቀለልበታል፤ ቁልፎቹ እስኪደበዝዙ ድረስ ከላስቲኩ አይወጣም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይደርባል። ሶፋው አንሶላ ተከናንቦ ከርሞ፣ እንግዳ የመጣ ቀን ብቻ መልኩን ያሳያል። ይህችን ሰው ታውቋታላችሁ፤ እናታችሁ ካልሆነች ጎረቤታችሁ ናት፤ ጎረቤታችሁም ካልሆነች እንግዲህ ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ወሎ ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ የታሪክ ሰነዶች ማኅደር ይህን ማዕረግ የያዙት ወይዘሮ ወርቅዬ ናቸው። ለደመወዝ ሲጠሩ የጽዳት ሠራተኛ ይባላሉ እንጂ በተግባር የመሥሪያ ቤቱ የአልባሳት ሚኒስትር ናቸው። ፎቶኮፒ ማሽኑ፣ ማተሚያው፣ የዳይሬክተሯ ስልክ ሳይቀር ክቡርነታቸው በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል አላቸው። ለምን ያላቸው ሰው ቢኖር መልሳቸው አንድ ነው። «ዕቃ ራቁቱን አያድርም።»

የፎቶግራፍ ክፍሉ ኃላፊ ዓለምሰገድ ከእሳቸው ጋር ተጋጭቶ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሰነድ አያያዝ ነው፤ አንድ ካርቶን ከመደርደሪያው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ ካየ ምሳው አይበላለትም። እንዲህ ያለ ሰው የሚጠነቀቅ ሰው ይወዳል።

ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳላቸው የሚስቱ የእንቁ ካርቶኖች ናቸው። ከሾላ እስከ ሰሚት በየቤቱ ዞራ፣ ለምና፣ አንዳንዴም አልቅሳ ያሰባሰበቻቸው የቤተሰብ ፎቶግራፎች ናቸው ያሉባቸው። ባለፈው ዓመት አረፈች። ከቀብሯ ወዲህ ዓለምሰገድ አንዱንም አልከፈተም፤ ሌላም ሰው እንዲከፍት አልፈቀደም። የሚጠይቁትን ሁሉ የሚመልሳቸው «የክፍሉ ሙቀት ይስተካከል» እያለ ነው።

ሙቀቱ ደግሞ አልስተካከል አለ። ግድግዳው ላይ ቴርሞስታት የሚባል ዘመናዊ መሣሪያ ተገጥሟል፤ ሙቀቱን ራሱ እየለካ ማቀዝቀዣውን ኤሲ ሲፈልግ ያስነሳል፣ ሲፈልግ ያሳርፋል፣ ያየውንም በስልክ ይናገራል። ስልኩ ላይ ሁልጊዜ ክፍሉ ሞቋል ይላል። ኤሲው ይህን ሰምቶ ያለ ዕረፍት ይነፋል። ዓለምሰገድ ግን ካፖርት ደርቦ እጁን በትንፋሹ ያሞቃል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የክረምቱ እርጥብ አየር ይገባና ቀዝቃዛዎቹ ካርቶኖች ላይ ጤዛ ይጥላል። ለፎቶግራፍ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሳና ጤዛውን በጣታቸው ጠርገው አዩና እያዘኑ ነገሩት። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ የእንቁ ስብስብ ሌላ ከተማ ወዳለ ማኅደር ይሄዳል።

መሐሪ የሚባል ባለሙያ ተጠራ። ቴርሞስታቱን ከራሱ መለኪያ ጋር አስተያየው፤ ልክ ነው። ከሄደ በኋላ ክፍሉ እንደገና በረዶ ሆነ። ተመልሶ መጥቶ ሶፍትዌሩን አደሰ፣ ለካ፤ አሁንም ልክ ነው።

«ጋሼ ዓለምሰገድ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምናልባት እርስዎን ይሆናል የሚበርድዎት።»

ዓለምሰገድ አልተቆጣም። ከእንቁ ወዲህ ያልበረደው ቀን መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረና አቃተው። ጤዛውን በዓይኑ ባያይ ኖሮ አምኖት ነበር።

መሐሪ ለማንኛውም ብሎ እንቁላል የምታህል ሁለተኛ የሙቀት ሴንሰር ካርቶኖቹ መካከል አስቀምጦ ሄደ። የግድግዳው ቢዋሽ እሷ ትመሰክርበታለች። በማግሥቱ ጠዋት ዓለምሰገድ ምስክሯን ሊያይ ሲሄድ ቦታው ላይ ያገኘው አንዲት ነጭ የክር ቆብ ነው። አነሳው። ሴንሰሯ ከሥሩ ተመችቷት ተቀምጣለች።

ቆቡን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቴርሞስታቱ እጥፍ ዳንቴል ተከናንቧል። ከተገጠመበት ሳምንት ጀምሮ እንደዚያው ነበር፤ እዚህ ቤት ዳንቴል የሌለው ነገር ስለሌለ ዓይኑ ማየት ትቷል። መሣሪያው የገዛ ሙቀቱ ጨርቁ ውስጥ ታፍኖበት፣ ክፍሉ የጋለ እየመሰለው ኤሲውን ሲያዝ ከርሟል።

ወይዘሮ ወርቅዬ ተጠሩ። ታዲያ መሐሪ ሲለካው እንዴት ልክ ሆነ? ሲል ዓለምሰገድ ጠየቃቸው። ጥያቄው ራሱ ገረማቸው።

«እንግዳ ሲመጣማ አነሳዋለሁ! እንግዳ ፊት ሸፍኜ ላቆየው ነው እንዴ?»

ዓለምሰገድ ነገሩን በለሆሳስ አስረዳቸው። ይሄ ዕቃ በፊቱ ነው የሚያየው፤ ሲሸፈን ክፍሉን ትቶ ራሱን ይለካል። ካርቶኖቹም በዚህ ምክንያት ሊሄዱ ነው። ወይዘሮ ወርቅዬ ወንበር ላይ ወጥተው ዳንቴሉን አወረዱ፣ አራት አጥፈው ጉያቸው ከተቱት።

ሰኞ ወይዘሮ ሳና መጡ። የግድግዳውና የመደርደሪያው ንባብ አንድ ነው፤ ኤሲው ጸጥ ብሏል፤ ካርቶኖቹ ደርቀዋል። ስብስቡ እዚሁ ይቆያል ብለው ወጡ።

ወይዘሮ ወርቅዬ መወልወያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቀሩ።

«ዓለምዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓመት ሙሉ አቧራ ስከላከልለት የኖርኩት ምኑን ነው? እኔ ያየሁት ካርቶን ብቻ ነው።»

ሙቀቱ ይስተካከል ሊል አፉን ከፈተ። ሙቀቱ ተስተካክሏል። የመጀመሪያውን ካርቶን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው።

ወይዘሮ ወርቅዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ካርቶኑ ላይ የእንቁ እጅ ጽሑፍ ነበር፤ እሳቸው አላነበቡትም፣ እሱም አላነበበላቸውም። ፎቶግራፎቹን በጠርዛቸው እየያዘ አንድ በአንድ አሳያቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ከተሳለ ሐይቅ ፊት የቆመች አንዲት ኮረዳ ጋ ሲደርሱ አስቆሙት። እጀ ጉርድ ቀሚስ ለብሳለች፤ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባለች።

«ይቺ ልጅ በርዷታል» አሉ።

ዓለምሰገድ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም በርዷታል።

«ምን እናልብሳት፣ እትዬ?»

ቀልድ ከአፉ ከሰሙ ቆይተዋልና ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ከዚያ ወደ ፎቶግራፉ ተመልሰው በቁም ነገር አሰቡበት።

«ሹራብ ይበቃታል።»