የፊኒክስና የቱሳን ዳኛ

በዓመት ስድስት ወር በረዶ በሚጭነው ከተማ ሁሉ፣ ሌላው ሰው የት መኖር እንዳለበት ከራሱ ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ራሱ የትም ሄዶ አያውቅም። የተወለደበት ቤት ጣሪያ ዛሬ ከሚኖርበት ቤት መስኮት ይታያል። ሁለት ሺህ ማይል ርቆ በሚገኝ ከተማ ግን የትኛው ሰፈር ከቀትር በኋላ ጥላ እንደሚያገኝ፣ የትኛው አውራ ጎዳና በስንት ሰዓት እንደሚታነቅ፣ የትኛው ሆስፒታል በር ላይ መኪና ማቆሚያ እንደማይገኝ ይነግራችኋል። ካልጠየቃችሁትም ይነግራችኋል።

በሰሜን ሐይቅ ዳር ላለችው ለእኛዋ ለዱሉዝ የደረሷት ክቡር አቶ አርለን ቶርቪክ ናቸው።

አቶ አርለን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የብረት ማዕድን በሚጫንበት ወደብ ላይ ተቀምጠው፣ የትኛው መርከብ የትኛው መጫኛ ሥር እንደሚቆም ሲመድቡ ኖሩ። ከዚያ ጡረታ ወጡ። መርከቦቹ ሲያልቁባቸው ወደ ሰው ዞሩ። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ የቦኒ ቁርስ ቤት ይገባሉ፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ይይዛሉ፣ እስከ አራት ሰዓትም አይነሡም። እኛ የቤቱ ደንበኞች «ሊቀ ከተሞች» የሚል ማዕረግ ሰጠናቸው። መጀመሪያ የሰጠናቸው በስተጀርባቸው ነበር፤ በኋላ ግን ማዕረጉ እንዳልከበዳቸው ስናይ ፊት ለፊትም ጠራናቸው።

በእኛ አገር ጉልበቱ መንቋቋት የጀመረ ሰው ሁሉ ሞቃቱን የበረሃ ግዛት አሪዞናን ያልማል። ይህን ለማለም ምክር አያስፈልግም። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ፊኒክስ ወይስ ቱሳን? ፊኒክስ ከሆነስ፣ በዙሪያዋ ተሰፍተው ከተያያዙት ከተሞች የትኛው? «አሪዞናን የሚመርጠው ጉልበት ነው» ይላሉ አቶ አርለን፣ «ከተማውን ግን ጭንቅላት ይምረጠው።» የማን ጭንቅላት እንደሆነ አይናገሩም።

ሥራቸው ሥርዓት አለው። ምክር ፈላጊው ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። ከሳህኑ ሥር የሚነጠፈውን ወረቀት ይገለብጡና በእርሳስ ዕንቁላል ይሥላሉ። ፊኒክስ መጥበሻው ላይ ፈስሶ ዳር እስከ ዳር የሄደ ዕንቁላል ናት፤ አስኳሏ የት እንዳለ እንኳ ለማወቅ ማንኪያ ይዞ መዞር ይጠይቃል። ቱሳን የተቀቀለች ናት፤ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ በአንድ እጅ የምትያዝ። ከሥዕሉ በኋላ ጥያቄው ይመጣል። አንደኛ፣ የት ነው የሚያምህ? ሁለተኛ፣ ማክሰኞ ጧት ምን ትሠራለህ? «ቅዳሜማ የቱም ከተማ ቆንጆ ነው፤ ሰው የሚኖረው ማክሰኞ ነው።» ሦስተኛ፣ ጎረቤትህ እንዲሆን የማትፈልገው ማን ነው? ብዙ ሰው የሚዋሸው በሦስተኛው ላይ ነው። አቶ አርለን ግን ይጠብቃሉ፤ ሁለተኛው ኩባያ ቡና ሳያልቅ አንድ አማች መውጣቱ አይቀርም።

ሮጀር የሚባለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር አንድ ቀን ሳንድዊቹን ይዞ ሊሄድ ብቻ ነበር የገባው። አሪዞና ይሄዳል የሚል ወሬ አስቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ በእጃቸው ጠሩት። ሲወጣ ሳንድዊቹ ቀዝቅዞ ነበር፤ እሱም ከፊኒክስ ዙሪያ ከተሞች በአንዷ፣ በሜሳ ተመድቦ ነበር። የሊንድግሬን እኅትማማቾች ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ እዚያም አንድ ቤት ሊገዙ አስበው መጡ። ሊቀ ከተሞች ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቋቸው። ሁለቱም ተያዩ። ታላቂቱን በፊኒክስ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ግሌንዴል፣ ታናሺቱን በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ቻንድለር አሰፈሯቸው። «ፍቅራችሁ እንዲበረክት» አሏቸው፣ «ቢያንስ አንድ የተጨናነቀ አውራ ጎዳና በመካከላችሁ ይኑር።» ከዚያ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም ይባላል።

በየዓመቱ ጥር ላይ ከሄዱት ሰዎች ፎቶግራፎች ይመጣሉ። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ብርቱካን ዛፍ አጠገብ ቆሞ ይስቃል። እኛ ብርቱካኑን እናያለን። አቶ አርለን ጥላውን ያያሉ፤ በየት በኩል እንደወደቀ ይለኩና ቤቱ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ መሆኑን፣ ሐምሌ ሲመጣ ሳሎኑ ምድጃ እንደሚሆን፣ ይህንንም አስቀድመው ነግረውት እንደነበር ያስታውቁናል።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ቤተሰብ አሰፈሩ። ሃያ ሦስቱም ፊኒክስና ዙሪያዋ። አንድ የጥርስ ሐኪም ቱሳንን እንደሚፈልግ አጥብቆ ቢነግራቸው ቱሳን ለቸኮለ ሰው አትሆንም ብለው ሸኙት። ሰውየው ችኩል አልነበረም፤ አንድ ጥርስ ለመሙላት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነበር። ማንም ግን ይግባኝ አላለም።

ባለፈው መጋቢት የአቶ አርለን ባለቤት ወይዘሮ ላቮን ከቤታቸው ደጃፍ ደረጃ ላይ ወደቁ። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው፤ ከመንገድ እስከ በር አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለው፣ በመጋቢት ሁሉም የበረዶ መስተዋት ናቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ ሁለተኛ ቢወድቁ እንደገና ተነሥተው ስለመሄዳቸው ዋስትና እንደማይሰጥ፣ የሚቀጥለውን በረዶ እዚህ ባያዩት እንደሚመርጥ ነገራቸው። ቤቱ ነሐሴ ላይ ተሸጠ። ገዢዎቹ የሚገቡት በጥቅምት አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ከተማ መመረጥ ነበረበት።

ሁላችንም ፍርዱ በአንድ ኩባያ ቡና የሚያልቅ መስሎን ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሊቀ ከተሞች ወረቀቱን ይገለብጣሉ፣ ዕንቁላሉን ይሥላሉ፣ ትንሽ ያዩትና አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ኪሳቸው አበጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰሜኖች ይሉኝታ ያጠቃናል። ኬክ ሲቆረስ የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሣ የለም፤ አንዱ ግማሿን ይወስዳል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ ማታ ሳህኑ ላይ ዝንብ የማትጠግብባት ፍርፋሪ ትቀራለች። የቶርቪክ ቤትም ከተማ ሲመርጥ እንዲሁ ሆነ። ባል ሚስታቸውን የሚያስደስታቸው የት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ሚስት ባላቸውን የተመቻቸው ሁሉ እሳቸውንም እንደሚመቻቸው ይመልሳሉ። ተጠያይቀው ተጠያይቀው መስከረም ላይ ሁለቱም ለሜሳ ተስማሙ። አቶ አርለን ይህን ሲያበሥሩን ፊታቸው የጥርስ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ፊት ነበር። የሜሳው ቤት ደላላ በየቀኑ ይደውላል፤ ፊርማው እስከ ዓርብ ካልደረሰው ቤቱን ለሌላ እንደሚሰጥ ተናግሯል።

ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ የቦኒ በር ተከፈተና ወይዘሮ ላቮን ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። እዚያ ቤት ሲገቡ ስናያቸው የመጀመሪያችን ነበር። አቶ አርለን አንድ ክፉ ነገር የተፈጠረ መስሏቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ወይዘሮ ላቮን በምርኩዛቸው እንዲቀመጡ አመለከቷቸውና፣ ምክር ፈላጊ በሚቀመጥባት ወንበር ላይ ቀስ ብለው ዐረፉ። ኮታቸውን አላወለቁም።

«አሪዞና ልሄድ ነው» አሉ። «ከተማ ምረጥልኝ።»

«ላቮን፣ ሰው እየሰማን ነው እኮ።»

«ሰው እየሰማህ አይደል እንዴ የምትመርጠው? በል ጠይቀኝ። ሰውን ሁሉ እንደምትጠይቀው።»

አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። ሹካዬን አስቀመጥኩ። አቶ አርለን ወረቀቱን ገለበጡ፣ ግን አልሣሉበትም።

«የት ነው የሚያምሽ?»

«ዳሌዬን። አንተው ነህ ከደረጃው ያነሣኸኝ። ቀጥል።»

«ማክሰኞ ጧት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሁለት ዕንቁላል እጠብሳለሁ» አሉ ወይዘሮ ላቮን። «አንዱን እበላለሁ። ሌላውን ለአንተ ከድኜ አስቀምጠዋለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን እሱንም እኔው እበላዋለሁ። እንዲህ ሳደርግ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

ሊቀ ከተሞች እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ሦስተኛውን ጥያቄ የሚተዉት መስሎን ነበር፤ ጠየቁት።

«ጎረቤትሽ እንዲሆን የማትፈልጊውስ ማን ነው?»

«ሃያ ሦስቱንም። ሮጀርን እወደዋለሁ፣ የሊንድግሬን ልጆችንም እወዳቸዋለሁ። ሜሳ በገባን በሳምንቱ ግን ቁርስ ቤት ያገኙልሃል። እኔ የምፈልገው ቱሳንን ነው። አንድም ሰው አልላክህባትም።»

በእኛ አገር «እኔ የምፈልገው» ተብሎ በሰው ፊት የሚጀመር ዓረፍተ ነገር ብዙ አይሰማም። ቦኒ የአንዱን ደንበኛ ኩባያ ሞልታ ማሰሮውን ሳታቀና ቆማ ቀረች፤ ቡናው ጠረጴዛው ላይ ወረደ፣ ደንበኛውም አልተናገራትም።

አቶ አርለን ባዶውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ሰው የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ ሸሚዙን ገልጦ ያሳያችኋል፣ ከልጁ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ያጫውታችኋል፤ ዓሣ የሚይዝበትን የሐይቅ ጥግ ግን ለእናቱ ልጅም አይናገርም። ሰው ሲከተለው ካየ ጀልባውን ባዶ ውኃ ላይ አቁሞ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል እንጂ ወደዚያች ጥግ አይቀዝፍም።

«ማንንም ያልላክሁባት» አሉ አቶ አርለን ወረቀቱን እያዩ፣ «ለእኛ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት። ጓደኞችሽ ሁሉ ፊኒክስ ሲሆኑብሽ ግን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

«የኔ ጓደኞች?» አሉ ወይዘሮ ላቮን። «ያንተ መርከቦች ናቸው እንጂ።»

ሳቁ። አቶ አርለንም ሳቁ፣ ትንሽ ዘግይተው። ደላላው ዓርብ ሲደውል ያነሣለት አልነበረም።

ወደ ቱሳን የሄዱት ጥቅምት ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ከመጀመሪያው በረዶ ሦስት ቀን ቀደም ብለው። ካርታውን አቶ አርለን በቃላቸው ስለሚያውቁ፣ መሪውን ወይዘሮ ላቮን ያዙ። ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኛቸው። እኛ ጋ መሰናበት አንድ ጊዜ በበር፣ አንድ ጊዜ በደረጃው፣ አንድ ጊዜም በመኪናው መስኮት ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱ አለቀ፣ ሰው ተበተነ፣ ሞተሩ ተነሣ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቀርቼ ነበር።

«አቶ አርለን» አልኩ፣ «እኔስ የት ብሄድ ይሻላል ይላሉ?»

እኔ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነኝ። እንጀራዬ ብርዱ ነው። ከዱሉዝ የመውጣት ሐሳብ በሕልሜም መጥቶብኝ አያውቅ፤ ይህንንም አቶ አርለን ያውቃሉ፣ ሁለት ጊዜ ማሞቂያቸውን ጠግኜላቸዋለሁ። ቀበቷቸውን ሲፈቱ አየሁ። ወይዘሮ ላቮን አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ባላቸውን ተመለከቱና ሞተሩን አጠፉት።

«አሥር ደቂቃ» አሉኝ። «የመጨረሻው አንተ ነህ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው አሪዞና መርዝ እንደሆነ፣ ከእዚህ የባሰ ብርድ እንደሚያስፈልገኝ፣ ስለዚህም ወደ ሰሜን ዳኮታ መሻገር እንዳለብኝ ተወሰነ። ቀጥሎ ፋርጎ ወይስ ቢስማርክ የሚለው መጣ። ፋርጎ ሜዳ ናት፤ ነፋሷን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ማሞቂያ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፋርጎ ተመረጠችልኝ። የመኪናዬ በር በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር ከነወንዟ በጣታቸው ሣሉልኝ፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው ሠፈር እንደማይሆነኝም ምልክት አደረጉበት። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ።

ወይዘሮ ላቮን ሞተሩን እንደገና አስነሡ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትይዝ አቶ አርለን ወገባቸው ድረስ በመስኮቱ ወጥተው፣ ከአውራ ጎዳናው በስንተኛው መውጫ መታጠፍ እንዳለብኝ ይነግሩኝ ነበር። ከሁለተኛው ቤት በኋላ አንዲት ቃል እንኳ አልሰማሁም። ቢሆንም ታጥፈው እስኪሰወሩ ድረስ ራሴን እየነቀነቅኩ መንገዱ መሐል ቆሜ ነበር።