የእናቴ የማር ንግድ

ለንደን ውስጥ የደሃ ልጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ የለም። ካላመናችሁኝ አንድ ሠርግ ላይ ተገኙና ጠረጴዛችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ። የአንዱ አያት ፊታውራሪ ነበሩ፤ የሌላዋ አባት የአውራጃ ገዥ፤ የሦስተኛዋ ቤተሰብ መሬት ደግሞ ከመወረሱ በፊት ከወንዙ እስከ ተራራው ድረስ… ብቻ ተራራው የትኛው እንደሆነ አትጠይቁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ስኖር አባቱ ሸማኔ የነበረ፣ እናቱ ጠላ የሸጠች አንድም ሰው አልገጠመኝም። ያን ሁሉ ሸማ ማን እንደሠራው፣ ያን ሁሉ ጠላ ማን እንደጠመቀው እንጃ።

እኔም ከዚያው ጠረጴዛ ነኝ። እናቴ «ነጋዴ» ነበረች። ምን ነበር የምትነግደው ለሚለኝ «ማር» እላለሁ። ውሸት አይደለም… ማር በብዛት ትገዛ ነበር። ስትሸጠው ግን ማር አልነበረም። እናቴ እትዬ ብዙነሽ፣ ናዝሬት መናኸሪያው አጠገብ ጠጅ ቤት ነበራት።

ይህን ለንደን ውስጥ የሚያውቀው ባለቤቴ ታደሰ ብቻ ነበር፤ እሱም የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ እንጂ ነግሬው አይደለም። ልብ በሉ፣ እኔ እዚህ ኤድመንተን ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ነኝ። ጴንጤ ነን፤ የኛ ሰው መጠጥ አይቀምስም። እኔ ደግሞ ሰብሳቢ ስለሆንኩ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሆምጣጤ ስገዛ እንኳ ከማን ጋር እንደምገጣጠም አይቼ ነው።

ነገሩን ያበላሸው ከልጄ ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ነው። ልጄ ናርዶስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስፓኒሽ ትማራለች። ትምህርት ቤቷ ከአንድ የስፔን ትምህርት ቤት ጋር ተማሪ ይለዋወጣል። የኛ ልጆች ሁለት ሳምንት እዚያ ሄደው ሰው ቤት ያርፋሉ፤ በወሩ ደግሞ የነሱ ልጆች እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ደብዳቤው የጉዞውን ዓላማ ሲገልጽ «የስፔንን ባህልና የወይን ጠጅ አሠራር ማጥናት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ከጠጅ ሸሽቼ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፤ ትምህርት ቤቱ ልጄን አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ ወደ ጠጅ ሊመልሳት ነው።

ናርዶስ ማንም እንደማይቀምስ፣ ነገሩ ኤጁኬሽናል እንደሆነ አስረድታ ሳይን አስደረገችኝ። ለቤተ ክርስቲያን ግን የጸሎት ርዕስ ያስያዝኩት «ለግብርና ጥናት ትሄዳለች» ብዬ ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ መኩሪያ ጡረታ እስኪወጡ ሂትሮው በሴኩሪቲ ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው፤ አሁንም ሰው ሲያዩ እንደ ሻንጣ ነው የሚያዩት። እኔን ትንሽ ካዩኝ በኋላ ስለ ስፔን አዝመራ፣ ስለ ዝናቡ፣ አንበጣውን ሳይረሱ ረዘም ያለ ጸሎት አደረጉ።

በሄደች በሦስተኛው ቀን ፎቶ መጣ። ናርዶስ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገንዳ ውስጥ ወይን ትረግጣለች። እሁድ ዕለት እህቶች አሳይን ሲሉኝ፣ ልጆቹ ለግንብ ጭቃ ሲያቦኩ ነው አልኳቸው። አንዷ ጭቃው ለምን ሐምራዊ ሆነ አለች። የስፔን አፈር እንዲህ ነው አልኩ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እርሻውም አፈሩም የራሱ ይሆናል።

በወሩ ኢኔስ መጣች፤ ናርዶስ ያረፈችበት ቤት ልጅ፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ የሰጧትን ሁሉ የምትበላ ጨዋ ልጅ። ገና የመጀመሪያው እራት ላይ ስለ ቤታቸው ወይን ነገረችን። አባቷ ወይን ሠሪ፣ አያቷ ወይን ሠሪ። ቅድመ አያቷ ደግሞ መንገደኛ ቤታቸው ድረስ እየገባ፣ እሷ እየቀዳችለት፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠጣ ነበር አለች፤ አገጯን ቀና አድርጋ። እንግዲህ ይቺን ሴት በኛ ቋንቋ ኮማሪት ነው የምንላት። እነሱ ፎቶዋን ጠርሙስ ላይ ለጥፈውታል።

ወይኑ ምን ምን እንደሚሸትም ዘረዘረችልን፦ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እርጥብ ድንጋይ። እናቴ ቤት አንድ ጠጪ «ጠጅሽ ቆዳ ቆዳ ይሸታል» ቢል ኖሮ ብርሌውን ሳይጨርስ በር ላይ ነበር።

ለካ ልጆቹ የቤት ሥራ አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወላጅ በተሰበሰበበት፣ ሁለት ሁለት ሆነው «የቤተሰቤ ሙያ» የሚል ነገር ያቀርባሉ። ናርዶስ «አያቴ ማር ነጋዴ ነበረች» ብላ ጽፋ ጨርሳለች። ኢኔስ ማሩ በምን ይቀመጥ እንደነበር ጠየቀችኝ። በጋን አልኳት፤ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው። እንዴት ይጸዳል አለች። ይህን ጥያቄ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተ፦ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ከዚያ…

ኢኔስ ሹካዋን አስቀመጠች። ማር ጭስ ምን ያደርግለታል አለች። የሷ አያት በርሜሉን በድኝ ጭስ የሚያጥነው ወይን ከመጨመሩ በፊት እንደሆነም ነገረችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እናትሽ የምትሠራው መጠጥ ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኟ የወይን ሠሪ ልጅ እሸውዳለሁ ብዬ!

ታደሰ ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ማድ ቤት ሄደ። በትዳር ዘመናችን ሳህን ሲያነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት አየሁት።

ናርዶስ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማሚ፣ የኢኔስን ቅድመ አያት ስሟን አውቃለሁ፣ በርጩማዋን ሳይቀር አሳይተውኛል» አለችኝ። «የራሴን አያት ግን አላውቃትም። ላይክ፣ አት ኦል።»

ያኔ ነገርኳት። እናቴ አራት ልጆቿን በዚያ ጠጅ አስተማረችን። ትምህርት ቤት «የጠጅ ቤቷ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓሮ በር ነበር የምገባው። አንድ ቀን የወላጆች በዓል ላይ ነጭ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። ጓደኞቼ ማን ናት ሲሉኝ ሠራተኛችን ናት አልኩ። ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዳቦና ከረሜላ ይዛ ነበር፣ ሰጥታኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት መጥታ አታውቅም። ይህን ለታደሰም ነግሬው አላውቅም። ማድ ቤት ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆሞ ነበር።

ናርዶስ ወረቀቷን ቀደደችው። «ሥሪልን» አለችኝ።

ጌሾ እዚህ አጠገባችን ካለው የሐበሻ ሱቅ መግዛት ይቻል ነበር፤ ግን እዚያ የሚገዛው በሙሉ ያውቀኛል። ስለዚህ ከሰሜን ለንደን ወደ ደቡብ፣ በባቡርና በአውቶብስ፣ ኬኒንግተን ድረስ ሄድኩ፤ በደመናማ ቀን ጥቁር መነጽር አድርጌ። ሰው ዕፅ ሲገዛ እንኳ እንዲህ የሚጠነቀቅ አይመስለኝም። ማሩን በውሃ በጥብጠን ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ ውስጥ ጨመርን፤ ሙቀት እንዲያገኝም ሳሎናችን ውስጥ የቤቱ ማሞቂያ ቦይለር ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ኢኔስ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ባልዲው ላይ ትለጥፋለች። ጌሾው ከገባ በኋላ ደግሞ እያፈላ መሆኑን በእጇ እያሳየች ትስቃለች። እጄ መጠኑን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ አንድም ጊዜ አላመነታም።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። የቤት ለቤት ጸሎቱ በዚያ ሳምንት የኔ ተራ ነው። ጥያቄ እንዳያስነሳ ብዬ መሰረዙን ፈራሁ፤ ስለዚህ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ የሎሚ ስፕሬይ ነፍቼ ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ሰው ሳሎናችንን ሞላው። ጋሽ መኩሪያ የተቀመጡት ቁም ሳጥኑ አጠገብ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ፤ መሃል ላይ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር «ጵስስ» አለ። ኢኔስ ቀና አለች። እኔ «አሜን» አልኩ፣ ያለ ቦታው፣ በጣም ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ተከትሎኝ አሜን አለ። ሁለት ጊዜ ጵስ አለ፣ ሁለት ጊዜ አሜን አልን። አንዲት እህት በኋላ፣ እንዲህ ያለ የተነቃቃ ጸሎት ካየሁ ቆየሁ አለች።

ሰው ሲወጣ ጋሽ መኩሪያ ወደ ኋላ ቀሩ። ጫማቸውን እያሰሩ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«እህት የሺ፣ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጊለት። ታፍኗል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራ እንደሆነ፣ እንደማንቀምሰው፣ ምን ያላልኳቸው አለ። እጃቸውን አነሡ።

«የእናቴን ጠጅ መድረሱን እያሸተትኩ የማረጋግጠው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ጎረምሳ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ። ለልጆቼ ሆቴል ነበራት ነው የምላቸው።»

ማሩ የየት አገር ነው ብለው ጠየቁኝ። ከሱፐርማርኬት ነው ስላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። በመጠጡ ሳይሆን በማሩ ነበር ያዘኑብኝ።

የዝግጅቱ ቀን ባልዲው እንደተከደነ አዳራሹ መሃል ቆመ፤ ማሽተት እንጂ መቅመስ ክልክል ነው። ኢኔስ አሥር ደቂቃ ተናገረች። ናርዶስም አሥር ደቂቃ፤ «አያቴ ብዙነሽ ጠጅ ትጥል ነበር» ብላ ጀመረች። ከዚያ አስተማሪዋ፣ እናትየዋ አንድ ሁለት ቃል ቢጨምሩ አለች። ተነሣሁ። ስለ ጋኑ፣ ስለ ግራዋው፣ እናቴ ብርሌውን ወደ ብርሃን አዙራ ጥራቱን እንዴት እንደምታይ… ሃያ አምስት ደቂቃ ተናግሬያለሁ፤ ቆጥራ የነገረችኝ ናርዶስ ናት። አንድ እንግሊዛዊ አባት ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሲጠናቀቅ ይህ ሁሉ ዕውቀት የማን ነው ሲለኝ፣ የእናቴ አልኩት፤ እናቴ አልኩ፣ ሰው ፊት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ። ታደሰ ከኋላ መቀመጫ ላይ ሆኖ ብቻውን አጨበጨበ። ከዚያ ሌላው ተከተለው።

ወሬው እሁድ ሳይደርስ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከሰብሳቢነት ያወርዱኛል ብዬ የመልቀቂያ ንግግሬን አዘጋጅቼ ሄድኩ። የሚያወርደኝ አልተገኘም። ሻይ ሰዓት ላይ ግን አንዷ እህት ጠጋ አለችና በጆሮዬ «የኔ እናት አረቄ ነበር የምትሸጠው» ብላኝ ሄደች። ቀጥላ ሌላዋ፣ ጠላ። ያቺ አባቷ አውራጃ ያስተዳድሩ የነበረችው ደግሞ ቦርዴ። በሦስት እሁድ ውስጥ መጋቢያችን በዓመት የማይሰሙትን ኑዛዜ ሰማሁ።

የመጨረሻዋ የመጋቢው ባለቤት ነበሩ። እሳቸው የሚናዘዙት ነገር አልነበራቸውም። ያንን ጌሾ የገዛሽበት ሱቅ የት ነው አሉኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ለመድኃኒት ነው አሉ።

«ስንት ሰው ነው የታመመው?» አልኳቸው።

ግራና ቀኝ አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሠላሳ።»