የእቴቴን አሻንጉሊቶች ሸጬ የተያዝኩበት ቀን

ወገን፣ ይህን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የቆመ ሰው በኔ ስቆ እንዲወድቅ አልፈልግም፤ የዛሬው ውርደት ለኔ ብቻ ይበቃል!

መጀመሪያ ስለ ቡፌያችን ላስረዳ።

ሳሎናችን ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ አለ። እናንተም ቤት እንዳለ አውቃለሁ፣ አታስመስሉ። ውስጡ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ፣ ማንም የማይበላበት ሳህን እና የኔ አሻንጉሊቶች ነበሩ።

«የኔ» ስል እንግዲህ ለስሙ ነው። አንዷንም ነክቼ አላውቅም።

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንደሄደች አንድ አሻንጉሊት ላከችልኝ። እናቴ ከነላስቲኳ ቡፌው ውስጥ አቆመቻትና «እንዳይቆሽሽ» ብላ ቆለፈችባት። በቃ፣ ልጅነቴ በመስታወት እያየሁት አለፈ።

ችግሩ፣ እቴቴ አላቆመችም።

በየዓመቱ ከቤይሩት ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ተፈልጎ አንድ አሻንጉሊት ይላካል። ማትሪክ ተፈተንኩ፣ አሻንጉሊት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ፣ ጋዋን የለበሰች መጣች። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ተቀጠርኩ፣ ሆዷን ሲጫኗት የምታለቅስ መጣች። ያቺ እንኳን የሆቴል ሥራን ከኔ ቀድማ ያወቀችው ይመስለኛል።

ሠላሳን አልፌያለሁ። አሁንም ይመጣሉ!

«ታዲያ ለምን በቃ፣ አድጋለች አላላችኋትም?» ትሉኝ ይሆናል። እናንተ መቼም ይሉኝታ የሌለበት ቤት ነው ያደጋችሁት። እናቴ በየዓመቱ ስልክ ታነሣና ልጅቷ አሻንጉሊቷን ወድዳት እንቅልፍ እንዳጣች ትነግራታለች። እንቅልፍ ማጣቱስ እውነት ነው፣ ናይት ሺፍት ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ አራሷን እህቴን ልትንከባከብ ዲላ ሄደች። ቤቱ በእጄ ገባ። ቡፌውን ከፈትኩ፣ ሁሉንም ፎቶ አነሣኋቸውና ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳቸው። «ያልተነኩ፣ ላስቲካቸው ያልተቀደደ» ብዬ።

የሐዋሳን ሕዝብ ያን ቀን ነው በደንብ የተዋወቅኩት። አንዱ ፎቶውን ሳይከፍት «ላስት ፕራይስ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ማታ ማታ ይንቀሳቀሳሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንዷ ደግሞ ልጆቼ አድገውብኝ ይሆናል ብላ አጽናናችኝ። ልጆቼ!

በመጨረሻ መናኸሪያ አካባቢ ሙአለ ሕፃናት የከፈተች ሴትዮ ሁሉንም ገዛቻቸው። ባጃጅ ላይ ተጭነው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ በእጄ ተሰናበትኳቸው። በቦታቸው የዋይፋይ ራውተሬን አስቀመጥኩ። ሕይወት ቀላል ሆነች።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

እቴቴ!

ከስንት ዓመት በኋላ ወረቀቷ ተስተካክሎላት ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት መምጣቷ ነው። ሰርፕራይዝ ልታደርገን ብላ ለማንም አልተናገረችም። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እሷ በናፍቆት ነው፣ እኔ በትከሻዋ አሻግሬ ቡፌውን እያየሁ ነው።

እንባዋን ጠረገችና ዞረች። ራውተሩ በአረንጓዴ መብራት ጥቅሻውን ቀጥሏል። አሻንጉሊቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ግን እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ። አፌ ሳያማክረኝ ቀደመና ለሙአለ ሕፃናት አውሼያቸው ነው፣ ልጆቹ እንዲጫወቱ ብዬ ነው አላት። እቴቴ ፊቷ በራ። መረቀችኝ። ተሳሳመንና «በይ ተነሺ፣ ሄደን እንያቸው» አለች።

አሻንጉሊቶቹን ለገዛችው ዳይሬክተር ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቴክስት ልልክላት አሰብኩ። «የውሰት ነው በይ» ብዬ። ግን እቴቴ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀችኝም። በሃያ ምናምን ዓመት አንዴ የተያዘ እጅ እንዴት ተደርጎ ይነጠቃል?

ደረስን። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ በፈገግታ ተቀበለችን። ጠቀስኳት፣ አልገባትም። ሳልኩ፣ ውኃ ላምጣልሽ አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች።

«ጥሩ ሰዓት መጣሽ። ሌላ የምትሸጪው ካለ እንወስዳለን።»

የምትሸጪው!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ መሰንጠቅ ለመሬታችን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን ንቅንቅ አላለችም።

እቴቴ እጄን ለቀቀች። ገብታ ከሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ያ እናቴ የጠበቀችው ላስቲክ አንድም አልቀረም። ተመራቂዋ ጋዋኗን ተገፍፋለች። አልቃሻዋን ሁለት ሕፃናት ጭቃ ይመግቧታል። አንዲት ቅጠልያ ዩኒፎርም የለበሰች ሚጢጢ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያዋን አሻንጉሊቴን በፀጉሯ እየጎተተች ግቢውን ትዞራለች።

አፍሬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ቀስ ብላ ሳቀች።

«እናትሽን፣ ለልጅሽ ወርቅ ልላክላት ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር» አለች። «ኧረ እሷ የምትወደው አሻንጉሊት ነው አለችኝ።»

ወርቅ። አንብቡት፣ ወርቅ!

እናቴ «እሺ ላኪላት» ማለቱ ከብዷት፣ እህቴን ላስቸግር እንዴ ብላ፣ አንገቴን ባዶ አስቀረችው። ዲላ ድረስ በእግሬ ሄጄ ልጣላት ቃጣኝ። እቴቴ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«እዚያ የምበላውን ማዳሜ ትመርጣለች፣ የምለብሰውንም እሷ ትመርጣለች። በዓመት አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ ደስ ያለኝን የምመርጠው ላንቺ አሻንጉሊት ስገዛ ነበር። ባለሱቁ እስኪቆጣኝ ድረስ አንድ በአንድ እያነሣሁ አያቸዋለሁ። ያ ቀን የኔ ቀን ነበር።»

የምቀልደው ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። እኔ የቡፌ ጣጣ ያልኳት እያንዳንዷ አሻንጉሊት ለካ የእቴቴ አንድ ቀን ናት። እኔ ደግሞ «ያልተነኩ» ብዬ ቴሌግራም ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ግን ወቀሳ አልነበራትም፤ ሕፃናቱን እያየች ማደጌን ልብ ባለማለቷ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አሁን እናትሽ እዚህ የለችም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ከእንግዲህ ምን ልላክልሽ?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቅኩ! በቀጥታ! ያለ አስተርጓሚ! «ወርቅ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። የሐብሉን ዲዛይን ሳይቀር በልቤ መርጬ ጨርሻለሁ።

ቀና ብዬ ዓይኗን አየሁት።

«አሻንጉሊት» አልኳት። «ፀጉሯ ረጅም የሆነች።»

ይኸው አሁን ሳሎን ተቀምጣ ለእናቴ እየደወለች ነው። እውነትሽን ነው፣ ከአሻንጉሊት ሌላ ነገር አትወድም እያለቻት ነው። እናቴም በስልክ «አላልኩሽም?» ስትል እስከ ጓዳ ይሰማኛል።

ምነው፣ ፈረዳችሁብኝ? እሺ፣ ከናንተ መሃል ጎበዝ ነኝ የሚል እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ከጎኗ ይቀመጥና ዓይን ዓይኗን እያየ «ወርቅ» ይበላት እስቲ።